መብራት በሚሄድበት አገር ራውተር አፕዴት ማድረግ

የራውተርዎ መብራቶች እርስዎ ምንም ሳይነኩ በአንድ ጊዜ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመሩ እጅዎን ሰብስበው ይቀመጡ። አይንቀሉት። አያጥፉት። ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ጫፍ አይጎርጉሩ። ምናልባት ራውተሩ በራሱ ጊዜ አዲስ ሶፍትዌር አውርዶ እየጫነ ይሆናል። ይህን ሶፍትዌር ባለሙያዎች ፈርምዌር ይሉታል፤ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። ሰዉ ግን «አፕዴት እያደረገ ነው» ስለሚል እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ከመሐል ሜዳ የተደወለልኝ ስልክ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። አጎቴ ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ዋይፋይ አብዷል፤ መብራቱ ሁሉ ይንቦገቦጋል፤ ልንቀለው እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ እንዳይነኩት!» ስላቸው «ነቅዬዋለሁ እኮ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ አንዲት ቀይ መብራት ከማብራት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ የዳነው ደብረ ብርሃን ድረስ ተጭኖ መጥቶ ነው። በዚያ ሰዓት ለምን አፕዴት እንደጀመረ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

በውጭ አገር የሚጻፈው ምክር አጭር ነው፤ አውቶማቲክ አፕዴቱን ይክፈቱና ይተኙ ይላል። ያ ምክር መብራት የማይሄድበት ቤት ምክር ነው። በእኛ ደጋ፣ በመንዝም በግሼም በመርሐቤቴም፣ መብራት ብዙ ጊዜ ከዝናቡ ቀድሞ ይሄዳል። አፕዴቱ መሐል ላይ ሳለ መብራት ከሄደ አሮጌው ሶፍትዌር ተፍቆ አዲሱም ሳይሞላ ይቀርና ራውተሩ ላይነሳ ይችላል። ይህን ያየ የሰፈር ባለሙያ ደግሞ «ዝጋውና ተገላገል» ይላል። ይሄኛው ምክር ጉዳቱ ቶሎ ስለማይታይ ነው ጥሩ የሚመስለው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ጀርመን ውስጥ የዶይቸ ቴሌኮም 900,000 ያህል ደንበኞች ራውተር ከመስመር ወጣ። አጥቂዎች ለርቀት አስተዳደር የተተወችውን በር እያንኳኩ ሳጥኖቹን ሊይዙ ሲሞክሩ ነው። ኩባንያው ደንበኞቹን ራውተሩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት አላቸው፤ ሲነሳ አዲሱን ሶፍትዌር እንዲያገኝ ነው። መፍትሔውም ያው አፕዴት ነበር ማለት ነው።

የመንዝን የጓሳ ሣር ምድር ነገር የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። አባቶች ሣሩን ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ ለዘላለም አልዘጉትም፣ ሁልጊዜም አልለቀቁትም፤ ዘግተው አቆይተው ጊዜው ሲደርስ ይከፍታሉ። ራውተርም እንዲሁ ነው፤ የመክፈቻውን ሰዓት የሚወስነው ሰው እርስዎ ይሁኑ።

ሳጥኑ የማን ነው?

አፕዴቱን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ሴቲንግ ውስጥ መዞር ድካም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳጥኑን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ያንብቡ።

ከኢትዮ ቴሌኮም መስመር ጋር የመጣ፣ በስልክ ሽቦ ወይም በፋይበር የሚሠራ ሳጥን ከሆነ፣ ሁዋዌ ወይም ዜድቲኢ የሚል ስም ሳያዩበት አይቀሩም። እንዲህ ያሉ ሳጥኖች አገልግሎት ሰጪው ከርቀት እንዲያስተዳድራቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ቲአር-069 የሚባለው የርቀት አስተዳደር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። በተሰጠዎት ዩዘርኔም ገብተው የአፕዴት ገጽ ካላዩ ሳጥኑ አልተበላሸም፤ ቁልፉ በእርስዎ እጅ ስላልሆነ ነው። የሆነ ቦታ የተለጠፈ «የአድሚን ፓስወርድ» ፈልገው ገብተው ከሌላ አገር የመጣ ፋይል ለመጫን አይሞክሩ። የፋይበር ሳጥን ከመስመሩ ጋር ተመዝግቦ የሚሠራ ስለሆነ አንዴ ምዝገባው ከተበላሸ ባለሙያ መጥቶ እንደገና እስኪያገናኘው ይጠብቃሉ። ራቤል ለሚኖር ሰው ይህ ጥበቃ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። በዚህ ዓይነቱ ሳጥን የእርስዎ ድርሻ ሁለት ነው፤ መብራቱን ማስጠበቅና የመስመሩን ዩዘርኔምና ፓስወርድ በወረቀት ጽፎ መያዝ።

ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ከሆነ አፕዴቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአምራቹ ነው፤ መክፈትና መዝጋትም ይችላሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዘመድ ከዓረብ አገር ያመጣው፣ መጀመሪያ በዚያ አገር ኩባንያ ሲም ተቆልፎ የተሸጠና በኋላ መርካቶ ወይም ሌላ ቦታ የተከፈተ ራውተር አዲስ ሶፍትዌር ሲጭን መልሶ ሊቆለፍ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ በማንኛውም ሁኔታ «አውቶማቲኩን ዝጉት» እላለሁ። የኪስ ዋይፋይ ያለው ሰው በአንድ ነገር ይታደላል፤ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም አይደነግጥም። ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን እንጂ ሌላው ቀላል ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ከቴሌ ሳጥን ኋላ ተጨማሪ ሆኖ የተቀጠለ፣ እንደ ቲፒ-ሊንክ ያለ፣ በራስዎ ገንዘብ የተገዛ ነው። በዚህ ላይ ሙሉ ባለቤት እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቱም የእርስዎ ነው።

ውስጡ መግባት

ስልክዎን ከዋይፋዩ ጋር ያገናኙና የሞባይል ዳታውን ያጥፉ። ይህችን የሚረሳ ብዙ ነው። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ከሌለው ስልኩ በዳታው በኩል ስለሚወጣ የራውተሩ ገጽ አልከፍት ይላል፤ ሰውየውም ራውተሩ ሞቷል ብሎ ያዝናል። ከዚያ በብሮውዘሩ የአድራሻ ቦታ ላይ ከሥሩ የተለጠፈውን ቁጥር ይጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥን 192.168.100.1፣ የሁዋዌ ሲም ራውተር 192.168.8.1፣ ቲፒ-ሊንክ 192.168.0.1 ይላሉ።

ከገቡ በኋላ ምንም ሳይለውጡ ፎቶ ያንሱ። የመጀመሪያው ፎቶ የሞዴሉን ስምና የሶፍትዌሩን ቁጥር የሚያሳየው ገጽ ይሁን። ሁለተኛው የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ያለበት። ሦስተኛው፣ በስልክ ሽቦ ለሚጠቀም ሰው ዋናው፣ የመስመሩ ዩዘርኔም ያለበት ገጽ ነው፤ ፓስወርዱ በነጥብ ስለሚሸፈን ውል ሲገቡ የተሰጠዎትን ወረቀት ፈልገው አብረው ያስቀምጡ። አፕዴት አንዳንዴ ሳጥኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰዋል። ያኔ ዋይፋዩ ይበራል፣ ስልኩም ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ምክንያቱ ያ ዩዘርኔም መጥፋቱ ብቻ ሆኖ ሳለ «አፕዴቱ ገደለው» ተብሎ የተጣለ ራውተር አውቃለሁ። ባክአፕ የሚል ካለ ይጫኑትና ፋይሉን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ባይኖርም ፎቶው ይበቃል።

የአጎቴ ሰዓት

አሁን ወደ አጎቴ ራውተር እንመለስ። ሳጥኑ ከዳነ በኋላ ገብቼ ሳየው አውቶማቲክ አፕዴቱ ክፍት ነበር፤ ሰዓቱም ሌሊት ከ3 እስከ 5 ተብሎ ተቀምጧል። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ማለት ነው፤ ሰው የተኛበት ደህና ሰዓት። ታዲያ ለምን በምሽቱ 4 ሰዓት ጀመረ? የሰዓት ቀጠናው ቤጂንግ ላይ ተትቶ ስለነበር ነው። ቤጂንግ ከእኛ በ5 ሰዓት ስለሚቀድም በዚያ ሌሊት ሲሆን በመሐል ሜዳ እራት ተበልቶ ወሬው ደርቷል። የግሪንዊች ሰዓት ላይ የተተወ ራውተር ደግሞ ያንኑ አፕዴት ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ያደርገዋል፤ ልጆች ለትምህርት ቤት ሲነሱ፣ ምጣድ ሲሰካ።

ስለዚህ «ታይም» ወይም «ታይም ዞን» የሚለውን ይፈልጉ። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የለም። ናይሮቢ ወይም ጂኤምቲ +3 የሚለውን ይምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ራውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ የሚያደርገውንም ይክፈቱ። ብዙዎቹ ራውተሮች ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ስለሌላቸው መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳሉ፤ እ.ኤ.አ. 1970 ላይ የሚነሳም አለ። ኢንተርኔት ሳያገኝ ያደረ ራውተር የራሱን ሌሊት አያውቅም።

አውቶማቲኩን መክፈት ወይስ መዝጋት?

የእኔ ፍርድ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ከራውተሩ ኋላ ባትሪ አለ ወይስ የለም? ካለ ቀጠናውን አስተካክለው አውቶማቲኩን ክፍት ይተዉትና ይርሱት። ከሌለ አውቶማቲኩን ዘግተው በየሁለት ወሩ ራስዎ ይፈትሹ። አንዳንዱ ራውተር «አሳውቀኝ እንጂ አትጫን» የሚል አማራጭ አለው፤ ባትሪ ለሌለው ቤት ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው።

ባትሪ ስል ትልቅ ነገር አይደለም። ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል፣ መጠኑ ከመጽሐፍ የማይበልጥ፣ በአዳፕተሩና በራውተሩ መሐል የሚገባ ነገር አለ። ሲገዙ የራውተሩን አዳፕተር ይዘው ይሂዱ። በላዩ የተጻፈው ቮልት፣ 9 ይሁን 12፣ ከሚገዙት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አምፒሩ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም። የአምፒሩ ማነስ ሌላ ቀን ላይታወቅ ይችላል፤ ራውተሩ ሥራ ሲበዛበት ግን ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

በገጠር ቀበሌ በሶላር ለሚጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። የ12 ቮልት ባትሪ ሁልጊዜ 12 አይደለም፤ ፀሐይ ሞልታው ስትውል ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል፣ ሲደክምም ከ12 ይወርዳል። ራውተሩን በቀጥታ ከባትሪው ጋር በሽቦ ከማያያዝ ቮልቱን አስተካክሎ የሚሰጥ ሬጉሌተር በመሐል ማስገባት ይሻላል። አፕዴት ማድረግም ባትሪው በሞላበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው እንጂ አምፖል በርቶ ባመሸበት ሌሊት አይደለም።

የተዘጋው ዘመን ውዝፍ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። ዋይፋይ ያለበት ሆቴልና መሥሪያ ቤት ያኔ የሰው መሰብሰቢያ ነበር። የሲም ራውተር ያላቸው ሰዎች ሳጥኑን ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። እንዲህ የከረመ ራውተር ሲሰካ ውዝፍ አፕዴቱ ሁሉ ይጠብቀዋል። አንዱን ጭኖ ተነስቶ እንደገና «ሌላ አለ» ቢልዎ አይገረሙ፤ በጣም ያረጀ ሶፍትዌር ወደ መጨረሻው በአንድ ጊዜ የማይዘል፣ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ አለ።

ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው የራውተሩ አፕዴት ራሱ ብዙ አይበላም፤ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ፓኬጁን የሚጨርሱት ስልኮቹ ናቸው። ስልክ ዋይፋይ ሲያይ ነጻ ይመስለዋል፤ ሲስተሙንና አፖቹን ያድሳል፣ ፎቶውንም ይልካል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፤ ያም በጊጋባይት ነው። በእያንዳንዱ ስልክ የዋይፋዩን ስም ነክተው «ሚተርድ» የሚለውን ይምረጡለት። ይህን ያላደረገ ሰው ወርኃዊ ፓኬጁ በሁለት ቀን አልቆ ራውተሩን ይረግማል።

የአፕዴቱ ዕለት

ሰማዩ የጠራ ጠዋት ይምረጡ። በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው በጓሳ በኩል መጥቆር ሲጀምር አፕዴት አይጀመርም፤ እንዲያውም በመብረቅ ጊዜ ራውተሩን ነቅሎ የስልኩን ሽቦም አብሮ መንቀል ነው የሚገባው። መብረቅ በመብራቱ ብቻ አይመጣም፣ በስልክ ሽቦም ይገባል። አፕዴት ላይ ያለ ራውተር ደግሞ አይነቀልም። ሁለቱ ፍርሃቶች እንዳይጋጩብዎ ቀኑን ቀድመው ይምረጡ።

ቤት ያሉትን ሁሉ «ለግማሽ ሰዓት ማንም ሶኬት እንዳይነካ» ብለው ያስጠንቅቁ። ራውተሩ ምጣድ ወይም ካውያ በሚሰካበት ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ ቦታ ይለውጡለት። ከዚያ ወደ ገጹ ይግቡ፤ «ሲስተም»፣ «ማኔጅመንት» ወይም «አድቫንስድ» ከሚለው ሥር «አፕዴት» ወይም «ፈርምዌር አፕግሬድ» የሚል ያገኛሉ። «ቼክ» ይበሉ፤ አዲስ ካለ «አፕግሬድ»። ከዚህ በኋላ ገጹን አይዝጉ፣ ወደኋላም አይመለሱ። መቁጠሪያው 100 ከደረሰ በኋላ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፤ ዋይፋዩም ይቋረጣል፤ ይህ ጤናማ ነው። ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አያልፍም። እኔ ግን 30 ደቂቃ ሳይሞላ አልነካም፤ ቡና ከተፈላ ሦስተኛው እስኪደርስ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ሲጠቀሙ በሆነ ገጽ ላይ «ራውተርዎ አርጅቷል፣ አፕዴት ለማድረግ ይህን ይጫኑ» የሚል ብቅ ቢል ውሸት ነው፤ እውነተኛው ማስታወቂያ በራውተሩ ገጽ ወይም በአምራቹ አፕ ውስጥ ነው የሚታየው። ደውሎ ፓስወርድ የሚጠይቅዎ ሰው ካለም ይዝጉበት። ፋይል በእጅ መጫን ግድ ከሆነ የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። ከሥሩ ቪ1፣ ቪ2፣ ቪ3 ተብሎ የተጻፈውም መግጠም አለበት፤ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሳጥኖች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል።

አልነሳ ካለ

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልተነሳ ነቅለው ሁለት ደቂቃ ያሳርፉትና መልሰው ይሰኩ። ዋይፋዩ በአዲስ ስም፣ በፋብሪካው ስም፣ ተነስቶ ሊሆን ስለሚችል በስልክዎ ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ ከሥሩ በተለጠፈው ፓስወርድ ይግቡ። እሱም ከሌለ የሪሴቷን ቀዳዳ በመርፌ 15 ሰከንድ ያህል ይዘው ይልቀቁ። ሪሴት የመስመሩን ዩዘርኔም ስለሚያጠፋ ያ ወረቀት አሁን ነው የሚያስፈልገው። የፋይበር ሳጥን ከሆነ ግን ሪሴት ከማድረግዎ በፊት 994 ይደውሉ፤ ሲደውሉ የትኛው መብራት ምን ቀለም እንደሆነ አይተው ይናገሩ፤ «አይሠራም» ከማለት ብዙ ያሳጥራል።

ይህ ሁሉ አልፎ አንዲት መብራት ብቻ ከቀረች፣ እንደ አጎቴ ማለት ነው፣ ወዲያው አይጣሉት። ብዙ ራውተሮች ዋናው ሶፍትዌር ቢጠፋም የማይጠፋ ትንሽ መነሻ ፕሮግራም አላቸው፤ ኮምፒዩተርና የኔትወርክ ኬብል ያለው ባለሙያ በዚያ በኩል ፋይሉን ያስገባለታል። ሲልኩለት አዳፕተሩን አብረው ይላኩ። አዳፕተር ቀርቶ ሳጥኑ ብቻ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ስንት ጊዜ እንዳየሁ!

ከተነሳ በኋላ

አፕዴት ያደረገ ራውተር ሴቲንጉን በከፊል ሊረሳ ስለሚችል አንዴ ዞረው ይዩት። የሰዓት ቀጠናው ናይሮቢ ላይ ነው? የአድሚኑ ፓስወርድ ወደ «አድሚን» አልተመለሰም? «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል፣ ገጹን ከውጭ ለመክፈት የሚፈቅድ፣ በራስዎ በተገዛ ራውተር ላይ ካለ ዝግ መሆን አለበት። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ከ600,000 የሚበልጡ የአንድ አገልግሎት ሰጪ ደንበኞች ራውተሮች በ72 ሰዓት ውስጥ ሞቱ፤ ሰርጎ ገቦች በርቀት ገብተው የውስጣቸውን ሶፍትዌር ስላበላሹባቸው ሳጥኖቹ በአዲስ መተካት ነበረባቸው። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ምትክ ሳጥኑ ዓለም ከተማ ወይም ሞላሌ እስኪደርስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ይገምቱ።

«ቼክ» ባሉ ቁጥር ለዓመታት «አዲስ የለም» የሚል ራውተርም አለ። ይህ ሁልጊዜ ጤና አይደለም። አምራቾች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአሮጌ ሞዴል አፕዴት መሥራት ያቆማሉ። የመጨረሻው ሶፍትዌር የወጣበት ቀን ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ ያንን ሳጥን ከዋናው ቦታ አንስተው ለሌላ ቀላል ሥራ ያውሉት፤ የቴሌብር ሒሳብ የሚከፈትበት ቤት መግቢያ ላይ ግን አይቁም።

በመጨረሻ ከሳጥኑ ጀርባ አንድ ፕላስተር ይለጥፉና የሶፍትዌሩን ቁጥርና አፕዴት ያደረጉበትን ቀን ይጻፉበት። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከጻፉ «ዓ.ም.» ማለትን አይርሱ፤ የፋብሪካው ቀን በፈረንጅ ስለሆነ ከእኛ 7 ወይም 8 ዓመት ይበልጣል፤ የአጎቴ ልጅ ሁለቱን አስተያይቶ «ይሄ ሶፍትዌር ገና ወደፊት የሚሠራ ነው እንዴ?» ብሎ ደውሎልኛል።